የዢሮንዶቹ ተራ እስኪደርስ

የፈረንሳይን አብዮት የተማርኩት ወንድሜን ስፈልግ ነው። ይህን ስናገር ሰው ይስቃል፤ እኔንም አንዳንድ ቀን ያስቀኛል። ሳምንቱን ሙሉ ቶሮንቶ፣ ኖርዝ ዮርክ ባለው የአረጋውያን መጦሪያ የሰው እናትና አባት ሳገላብጥ፣ ሳጥብ፣ ሳጎርስ እሰነብትና ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እግሬን እየጎተትኩ ፓርክዴል ወደሚባለው ሰፈር እሄድ ነበር። እዚያ ተቀምጬ፣ ከሞቱ ሁለት መቶ ዓመት ያለፋቸው ሰዎች ማን ከማን እንደተጣላ፣ ማን የማንን አንገት እንዳስቆረጠ እሰማለሁ። ምን አገባኝ? ምንም። ግን ወንድሜን የሚያውቅ ሰው እዚያ ቤት ውስጥ ነበር፤ እሱ ካልተናገረ ሌላ የሚነግረኝ አልነበረም።

ወንድሜ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር። በዚያ በሽብሩ ዘመን አንድ ጧት ሻዩን ቆሞ ጠጣና «መጣሁ» ብሎ ወጣ፤ በዚያው ቀረ። እናቴ ስንቅ ይዛ ከእስር ቤት እስር ቤት ዞረች። «እዚህ የለም» ይሏታል፤ ሌላው ጋ ትሄዳለች። ዓመታት ካለፉ በኋላ ጎረቤት ሽማግሌ ሰብስቦ «ቁርጥሽን እወቂ፣ ተዝካሩን አውጪለት» ቢላት፣ «ልጄን በቁሙ ልትቀብሩብኝ ነው? ሬሳውን ያየ ይንገረኝ!» ብላ አባረረቻቸው። ጥቁርም አልለበሰችም።

መንግሥት ተለውጦ የጅምላ መቃብሮቹ ሲከፈቱ፣ እሷም እንደ ሌሎቹ እናቶች ሄደች። ጫማ፣ ቀበቶ፣ የተቦጫጨቀ ሹራብ ተዘርግቶ ስታይ ዋለች። ከቶሮንቶ ስደውልላት «የለም!» አለችኝ፤ ድምፅዋ የልጃገረድ ነበር። «ሁሉንም አየሁ፤ የሱ የለም። እንኳን ደስ አለሽ!» እኔ የስልኩን ገመድ ጣቴ ላይ እየጠመጠምኩ ኩሽናዬ ወለል ላይ ቁጭ አልኩ። እንኳን አብሮ ደስ አለን አልኳት፤ ሌላ ምን ልበላት?

በኋላ ልቧ መድከም ጀመረ፤ ንግግሯም አብሮ ተለወጠ። «ቁርጡን ፈልጊልኝ» አለችኝ አንድ እሑድ። «ካለ ይምጣ። ከሌለ ላልቅስለት። ሳላለቅስለት ከሞትኩ፣ እዚያ ስንገናኝ ምን ብዬ አየዋለሁ?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ እረፍት የሚባል ነገር አላውቅም። ለቅሶ ቤት፣ ክርስትና፣ ቤተ ክርስቲያን ግቢ፣ የሐበሻ ምግብ ቤት፣ በዚያ ዘመን ፖለቲካ ውስጥ የነበረ ሰው አለ ከተባልኩ ሄጄ እጠይቃለሁ። የሚያውቅ ጠፋ። የዚያ ዘመን ሰው ሲጠየቅ ሌላው ወገን ያደረገውንና የራሱ ወገን የደረሰበትን ብቻ ነው የሚያውቀው። በመጨረሻ ሪጀንት ፓርክ አንድ ለቅሶ ቤት አጠገቤ የተቀመጠች ሴት ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ «ያ የታሪክ መምህሩ እኮ ከወንድምሽ ጋር አንድ ህዋስ ነበሩ ይባላል» አለችኝ። ህዋስ የምትለው የድርጅት ሰዎች አምስት ስድስት እየሆኑ በድብቅ የሚሰበሰቡበትን ነው።

ደወልኩለት። ስሜን ነገርኩት። የአባቴን ስም ስጨምርበት መስመሩ የተቋረጠ መሰለኝ።

«በስልክ አይሆንም» አለ ቆይቶ። «ቅዳሜ ነይ። ጥናት አለን።»

«የምን ጥናት?»

«ስለ መጀመሪያዋ የፈረንሳይ ሪፐብሊክ። ዢሮንዶቹ ጋ ስንደርስ ሁሉም ነገር ይነሳል። ያን ጊዜ እንነጋገራለን።»

«የት ነው የሚኖሩት?» አልኩት። ዢሮንዶቹ ፓርክዴል ያሉ ቤተሰብ መስለውኝ እኮ ነው! አልሳቀም።

መምህሩ አገር ቤት ታሪክ ያስተምር ነበር። ቶሮንቶ ላይ መሃል ከተማ ባለ መኪና ማቆሚያ መስታወት ቤት ውስጥ ተቀምጦ ከሾፌር ትኬት ይቀበላል። ጸጉሩ ሸብቷል፤ ስለዚህ ፊት ለፊት «እርስዎ» ነው የምለው። ሊፍቱ የሚሠራበት ቀን በማይታወቅ አፓርትመንት ውስጥ ብቻውን ይኖራል። ጥናቱ ላይ ከሱ ሌላ ሁለት ወንዶች አሉ። አንዱ ባለታክሲ ነው፤ ወፍራም፣ ተጫዋች፣ ሳቁ ኮሪደር ድረስ የሚሰማ። ያኔ የነበረው በተቃራኒው ድርጅት፣ መጀመሪያ ላይ ከመንግሥት ጋር በሠራው ወገን ነው። ሌላው ዳቦ ፋብሪካ የሚሠራ ቀጭን ሰውዬ ነው፤ የመምህሩና የወንድሜ ድርጅት ሰው፣ ቃል ሲያወጣ ከኪሱ የሚያወጣ የሚመስለው። ባለታክሲውና እነዚህ ሁለቱ ያኔ አዲስ አበባ ላይ ቢገናኙ አንዱ አንዱን ከመድፋት አይመለስም ነበር። ቶሮንቶ ላይ አንድ ካርቶን ዶናት ከፍተው ይካፈላሉ።

«ለምን ፈረንሳይ?» አልኩት ባለታክሲውን በመጀመሪያው ቀን።

«የራሳችንን ስንጀምር ወንበር ይወረወራል» አለኝ። «ሞክረነዋል።»

አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይህ ነው።

ሥርዓቱ የድሮው የጥናት ክበብ ሥርዓት ነው። ሰብሳቢ አለ፣ አጀንዳ አለ፣ እጅ ሳያወጡ መናገር የለም፣ ከአጀንዳ መውጣት ክልክል ነው። መጨረሻ ላይ ሂስና ግለ ሂስ ይደረጋል፤ እያንዳንዱ ሌላው ዛሬ ያጠፋውን ይነግረዋል፣ የራሱንም ይናዘዛል። አዲስ የመጣ ሰው ታዛቢ ነው፤ ይሰማል እንጂ ድምፅ አይሰጥም። ድርጅታቸው ፈርሷል፣ አገራቸው ርቋል፣ ጥርሳቸው መርገፍ ጀምሯል፤ ይቺን ሕግ ግን አልለቀቋትም። እኔ ኮቴን እንኳ ሳላወልቅ ስለ ወንድሜ ልጠይቅ ብል፣ መምህሩ በትሕትና «እህታችን፣ በቅደም ተከተል» አለኝ። እኔም ሞኟ እሺ አልኩ። እዚህ አገር ለአውቶቡሱም ለባንኩም ስሰለፍ ኖሬ ወረፋ መጠበቅ ተዋሕዶኛል።

እንዲህ ሆኜ ተማርኩ። ሪፐብሊኳ በሴፕቴምበር ስትታወጅ ንጉሡ እስር ቤት ነው፣ ጠላት አገር ውስጥ ገብቷል፣ ፓሪስ ላይ ዳቦ ተወዷል። ምክር ቤቱ ውስጥ ከላይኛው ወንበር የሚቀመጡት «ተራራ» ተባሉ። ከታች የሚቀመጡት፣ ነፋስ ወደነፈሰበት የሚያዘነብሉት ብዙዎቹ «ሜዳ» ተባሉ። ዢሮንዶቹ ደግሞ መሪዎቻቸው ዢሮንድ ከሚባል የደቡብ ምዕራብ አውራጃ የመጡ፣ ንግግር የሚያውቁ ሰዎች ናቸው። እኔን የገረመኝ ተራራዎቹና ዢሮንዶቹ መጀመሪያ የአንድ ክበብ ሰዎች መሆናቸው ነው። አንድ ላይ ንጉሡን የጠሉ፣ አንድ ላይ ሪፐብሊክ ያሉ።

«ታዲያ ምን አጣላቸው?» አልኩ እጄን አውጥቼ።

መምህሩ ጦርነቱ፣ የንጉሡ ነገር፣ ፓሪስ በሌላው አገር ላይ ያላት ሥልጣን እያለ ዘረዘረ። የዳቦ ፋብሪካው ሰውዬ «ዳቦ» አለ። ባለታክሲው «ወንበር ነው እንጂ!» ብሎ ሳቀ፤ መጨረሻ ላይ ለዚች ሳቁ ግለ ሂስ አደረገ።

ንጉሡን ስንት ጊዜ እንደገደልነው አልነግራችሁም። አንድ ቅዳሜ አንገቱ ይቆረጣል፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ ከእስር ቤት ወጥቶ እንደገና ይፈረድበታል። የምክር ቤቱ አባላት አንድ በአንድ መድረክ ላይ እየወጡ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ «ይሙት»፣ «ይታሰር»፣ «ይሰደድ» ብለዋል። ዢሮንዶቹ «ሕዝቡ ራሱ ይወስን» ማለታቸው ምሕረት ነው ተንኮል? በዚች ላይ ብቻ ሳምንታት ተነታረኩ። እኔ ኦቨርታይሜን ካንስል አድርጌ ነው የምመጣው። ወገቤ እየተቆረጠ፣ ራዲያተሩ አጠገብ ሙቀቱ እንቅልፍ እየጣለብኝ፣ በልቤ «ኧረ ግደሉትና ገላግሉኝ» እላለሁ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ያ ምስኪን ንጉሥ ምን አደረገኝ?

አንድ ቀን ባለታክሲው ስለ ፓሪስ ሲከራከር ፊቱ ተለዋወጠና ብድግ አለ። መምህሩ ላይ ጣቱን ቀስሮ «መጀመሪያ የተኮሳችሁት እናንተ ናችሁ!» አለው።

 ከላይ ፎቅ የሕፃን ሩጫ ይሰማል።

«ማለቴ... ተራራዎቹ» አለ ቁጭ እያለ።

«በአጀንዳችን ላይ እንቆይ» አለ መምህሩ። የዳቦ ፋብሪካው ሰውዬ ሳይጠየቅ ለሁላችንም ሻይ ቀዳ። እኔ ልስቅ ወይ ላለቅስ ሳላውቅ ዶናቴን ገመጥኩ።

ክረምቱን እንደዚህ ገፋነው። እናቴ በየእሑዱ «ምን ተገኘ?» ትለኛለች፤ «እየደረስን ነው» እላታለሁ። እውነትም እየደረስን ነበር። በሪፐብሊኳ የመጀመሪያ ጸደይ ላይ አንድ ትልቅ ጄኔራል ከድቶ ጠላት ጋ ገባ፣ በምዕራብ ገበሬው አመጸ፣ አብዮታዊ ፍርድ ቤት ተቋቋመ። የምክር ቤት አባል አይነካም የሚል ከለላ ነበር፤ ያንን ከለላ ገፈው የሚጠሉትን አንድ ጋዜጠኛ አባል ለዚሁ ፍርድ ቤት የሰጡት ዢሮንዶቹ ራሳቸው ናቸው። ሰውዬው ነጻ ወጥቶ ሕዝቡ በትከሻው ተሸክሞ መለሰው። ቀጥሎ የሚመጣው ጁን ነው።

ጁንን የነገረኝ ባለታክሲው ነው፤ ወደ ቤቴ ሲያደርሰኝ። የታጠቀ የፓሪስ ሰው መድፍ ይዞ ምክር ቤቱን ከበበና «ዢሮንዶቹን ስጡን» አለ። አባላቱ ተሰልፈው ወጡ። ዋናው በር ተዘግቷል፤ የአትክልቱን ስፍራ ዞሩ፣ በየበሩ ሞከሩ፣ መውጫ የለም። ተመልሰው ገብተው ወንበራቸው ላይ ቁጭ አሉና የገዛ ባልደረቦቻቸው እንዲያዙ ወሰኑ። የተያዙት በመኸር አንገታቸው ተቆረጠ። የሸሹት በየጫካውና በየጣሪያው ሥር ተደብቀው ከረሙ፤ ብዙዎቹ አልተረፉም። መምህሩማ እዚያ አፋፍ ላይ ሲደርስ መነጽሩን ያወልቃል፣ በሸሚዙ ጫፍ ይጠርጋል፣ «ይህን ለመረዳት ግን ወደ ሴፕቴምበር መመለስ ያስፈልገናል» ይላል። ያ ንጉሥ እንደገና ይታሰራል።

«እኚህ ሰው ጁን መድረስ አይፈልጉም» አልኩት ባለታክሲውን።

«ማን ይፈልጋል?» አለኝ። ቀይ መብራት ላይ ቆመን ነበር፤ ዞር ብሎ አላየኝም።

እኔስ? የነብር ጅራት አይያዝም፣ ከተያዘም አይለቀቅም ይላሉ። ጅራቱን ይዤ፣ ፊቱን ላለማየት ስል ነው መሰለኝ ከአጀንዳቸው ኋላ ኋላ የሄድኩት።

በረዶው መቅለጥ ሲጀምር አንድ ቅዳሜ ጧት አክስቴ ከአዲስ አበባ ደወለች። «እናትሽ እህል አልቀምስም ብላለች» አለችኝ። «ማንም ሲገባ ‹ቁርጡ መጣ?› ነው የምትለው። ሌላ ቃል የላትም።» ስልኩን ዘጋሁ። ምሳ አልበላሁም። ስትሪትካሩ ላይ ባዶ ወንበር እያለ ቆሜ ሄድኩ።

መምህሩ መነጽሩን አድርጎ «ባለፈው ያቆምነው...» ሲል እጄን አወጣሁ።

«አጀንዳ አለኝ።»

«ታዛቢ አጀንዳ አያስይዝም» አለ የዳቦ ፋብሪካው ሰውዬ፣ ጽዋ የሚያህል ኩባያውን እያየ።

«እኔ አስይዤላታለሁ!» አለ ባለታክሲው። «የሷ አጀንዳ የኔ አጀንዳ ነው። ወንድሟ የት እንደደረሰ ይነገራት። አለቀ።»

 መምህሩ፣ እናንተዬ፣ ምን አለ መሰላችሁ? «እንግዲያው ድምፅ ይሰጥበት።»

ኧረ በሕግ አምላክ! የእናቴ ልጅ ይነሳ አይነሳ ተብሎ፣ ፓርክዴል ውስጥ ሦስት ወንዶች ዶናት ፊት ተቀምጠው እጅ ሊያወጡ። ባለታክሲው እጁን ወደ ጣሪያው ሰቀለ። የዳቦ ፋብሪካው ሰውዬ «እቃወማለሁ» አለ። ሁለቱም መምህሩን አዩ። መምህሩ እጆቹን ጉልበቱ ላይ እንዳደረገ «ድምፀ ተአቅቦ» አለ።

ኮቴን አነሳሁ። እጅጌው እምቢ አለኝ፤ አንድ እጄን ብቻ አስገብቼ በሩ ጋ ደረስኩ። ሰደብኳቸው። አሁን የማልደግመውን ሁሉ አልኳቸው። «እናቴ እየሞተች ነው! እናንተ ለሰው ንጉሥ ስታለቅሱ እናቴ ለልጇ ሳታለቅስ ልትሞት ነው! እናት የላችሁም?»

«እሺ» አለ መምህሩ።

«ምኑ ነው እሺ?»

«ዢሮንዶቹ ያንን ፍርድ ቤት መጀመሪያ ራሳቸው...»

«ፈረንሳይን ይተዉልኝ!» ጮህኩ። «ስለ ወንድሜ በአማርኛ ይንገሩኝ።»

መነጽሩን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። አልጠረገውም።

«እጄን አውጥቻለሁ» አለ። «ያኔ። ወንድምሽ ላይ።»

ባለታክሲው «ምን?» አለ፤ እኔ አልገባኝም ነበር። ቆሜ ሰማሁት። ድርጅታቸው ለሁለት ተከፍሎ ነበር። ከተማ ውስጥ መግደልና መገደል ይብቃን ያሉት «አንጃ» ተባሉ፤ አንጃ መባል ማለት ደግሞ ከጠላት የባሰ ጠላት መባል ነው። ወንድሜ «ይብቃን» አለ። ህዋሱ ተሰበሰበ፣ አጀንዳው ተያዘ፣ ወንድሜ ግለ ሂስ እንዲያደርግ ተጠየቀ። አደረገ። በቂ አይደለም ተባለ። ከዚያ እጅ ወጣ።

«ማን አላወጣም?» አልኩት።

«ሁላችንም አወጣን።»

የዳቦ ፋብሪካውን ሰውዬ አየሁት። ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ ነበር፤ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። እሱም እዚያ ነበር ማለት ነው። ማንም አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅሁም።

«ከሱ በፊት ሌላ ልጅ ነበረ» አለ መምህሩ ቀስ ብሎ። «በዚያው ክስ። በዚያ ልጅ ላይ ወንድምሽም እጁን አውጥቶ ነበር። ‹ይብቃን› ያለው ከዚያ በኋላ ነው።»

ይህን ባይነግረኝ ምን ነበረበት? ከሁሉም በላይ ለዚች ቃል በጥፊ ላጮለው ፈለግሁ። ወንድሜን ሻዩን ቆሞ የሚጠጣ ልጅ አድርጌ ነበር ያኖርኩት። የሌላ እናት ልጅ ላይ እጁን ሲያወጣ እንዳየው አስገደደኝ፤ አየሁት። የዚያ ልጅ እህት ደግሞ የት አገር፣ የማንን ጥናት እየሰማች ይሆን?

ወንድሜን ሌላ የመደበቂያ ቤት ልንወስድህ ነው ብለው አወጡት። የወሰዱት ከከተማው ዳር ባሕር ዛፍ ውስጥ ነው። ልብሱን የያዘች ትንሽ ቦርሳውን ራሱ ተሸክሟል። የተኮሰው ሌላ ሰው ነው፤ እሱም በኋላ በመንግሥት እጅ ሞቷል። መምህሩ አጠገቡ ይሄድ ነበር።

«ገብቶት ነበር?» አልኩት።

«ዛፎቹ ውስጥ ስንገባ ገባው መሰለኝ። ክንዴን ያዘኝ። ምንም አላለም፤ ክንዴን ብቻ ያዘኝ። እንደያዘኝ ነው የወደቀው።»

ባለታክሲው እንደ ሕፃን አለቀሰ። «ገዳዮቹ እነሱ ናቸው ስትሉን ኖራችሁ እኮ» ይላል። «ቤተ ክርስቲያን በር ላይ እናቶች ፊታቸውን ያዞሩብኛል! እነሱ ናቸው ስትሉ!»  እሱም ቢሆን የራሱ አለው፤ የራሱን ማን እንደሚጠይቀው አላውቅም።

እኔ አልጮህኩም። ያን ሁሉ ዓመት፣ የገደለውን ሰው ያገኘሁ ዕለት አንቀዋለሁ ስል ነው የኖርኩት። ሳገኘው ሸሚዙ አንገቱ ጋ ያለቀ ሽማግሌ ሆኖ አገኘሁት። በየቀኑ ከማጥባቸው ሽማግሌዎች በምን ይለያል? ጠላሁት፤ አሁንም እጠላዋለሁ። ግን ደከመኝ። በአንድ እጄ ኮት ለብሼ ወንበሩ ላይ ቁጭ አልኩና ሻይ ስጡኝ አልኳቸው።

መርዶ በስልክ አይነገርም። አክስቴ ጋ ደውዬ ቁርጡ መገኘቱን ብቻ ነገርኳት፤ «አብሮት የነበረ ሰው አይቷል» አልኩ። እሷ ዘመድ ጎረቤቱን ሰብስባ፣ የእድሩን ሰዎች ይዛ፣ ወፍ ሲንጫጫ የእናቴን በር አንኳኳች። እናቴ ይህን ሁሉ ዓመት ያባረረቻቸው ሰዎች ናቸው። በሩን ከፍታ ብዛታቸውን ስታይ ማንም ሳይናገር ነጠላዋን ከራሷ አወረደች አሉኝ። ድንኳን ተተከለ። የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ተብሎ ተለቀሰለት፤ በሕይወት ቢኖር እኮ ጎልማሳ ነበር።

በሠልስቱ ደወልኩ። ድምፅዋ ተዘግቶ እንደ ወንድ ወፍሯል።

«አለቀስኩለት» አለችኝ። «ደረቴ እስኪቆስል አለቀስኩለት። እህልም ቀመስኩ።»

«እግዜር ያጽናሽ፣ እማዬ።»

«ማነው ያየው?»

ማን ገደለው አላለችም። እሱን ድሮ የጨረሰችው ነገር ነው፤ ለእሷ የገደለው መንግሥት ነው።

«አብሮት የነበረ ሰው ነው።»

«ምኑ ነው?»

«ጓደኛው» አልኳት።

«ልጄ ሲሞት አጠገቡ ነበር?»

«አጠገቡ ነበር። ክንዱን ይዞት ነው የሞተው።»

 ከኋላዋ የለቀስተኛ ድምፅ፣ የወንበር መንኳኳት ይሰማኛል። «እማዬ» አልኩ።

«ብቻውን መስሎኝ እኮ ነው» አለች። «ይህን ሁሉ ዓመት የበላኝ እሱ ነው፤ ሰው አጠገቡ ሳይኖር፣ አንድ የሚይዘው እጅ እንኳ ሳያገኝ ነው የሞተው እያልኩ። ተመስገን። ያንን ሰው እግዜር ያክብርልኝ። ክፉ አይንካው። የልጄን ያህል ነው።»

አፌን በእጄ ያዝኩ።

«ስሙ ማነው?» አለች። «በጸሎቴ ላስበው።»

«የክርስትና ስሙን አላውቀውም።»

«የዓለም ስሙን ንገሪኝ። እግዜር ያውቀዋል።»

ነገርኳት።